በብራውዘር የተቀዳ ሪኩዌስትን ወደ ሎድ ቴስት መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ዌብሳይት ለሚሠሩና ለሚፈትሹ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ብራውዘር ከሰርቨር ጋር የተነጋገረውን ቀድቶ ያንኑ ንግግር በመቶና በሺህ ሰው ስም መልሶ መልቀቅ (ሎድ ቴስት፣ ማለትም ሰርቨሩ ስንት ሰው እንደሚችል በጫና መፈተሽ) ቀላል ይመስላል፤ ሲሞከር ግን ጥያቄው ብዙ ነው። ምሳሌ ባስፈለገ ቁጥር አንድ ገጽ እንጠቀማለን፦ ተማሪ የምዝገባ ቁጥሩን አስገብቶ የፈተና ውጤቱን የሚያይበት ገጽ። ውጤት በወጣ ቀን እንዲህ ያለ ገጽ ምን እንደሚደርስበት ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሃር ፋይል ምንድን ነው?

ከሐር ጨርቅ ጋር ዝምድና የለውም፤ ኤችቲቲፒ አርካይቭ ለሚለው ስም ማሳጠሪያ ነው። ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የላካቸው ጥያቄዎች (ሪኩዌስቶች) እና የመጡለት ምላሾች ጄሰን በሚባለው የአጻጻፍ ስልት ተጽፈው የሚቀመጡበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስትከፍቱት ረጅም ዝርዝር ታያላችሁ። በእያንዳንዱ ሪኩዌስት ሥር ዘዴው ጌት ይሁን ፖስት፣ አድራሻው፣ ሄደሮቹ (ከሪኩዌስቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ማብራሪያዎች)፣ ኩኪዎቹ (ሰርቨሩ ብራውዘሩ ዘንድ የሚያስቀምጣቸው መለያዎች)፣ በፎርም የተላከው ነገር፣ የምላሹ ኮድ፣ አብዛኛውን ጊዜም የምላሹ ይዘት ራሱ ተጽፏል። ጊዜውም በሚሊሰከንድ ተከፋፍሎ ይገኛል፦ ወረፋ የያዘበት፣ ዲኤንኤስ የጠየቀበት፣ ግንኙነት የከፈተበት፣ የላከበት፣ መልስ የጠበቀበት፣ የተቀበለበት።

ዛሬ ሁሉም የሚጽፈው ቅጽ 1.2ን ነው። የዌብ ደረጃዎችን በሚያወጣው ደብልዩ3ሲ ውስጥ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ በረቂቅነት ተይዞ ነበር፤ ደረጃ ሆኖ ግን አልጸደቀም። ስለዚህ እያንዳንዱ ብራውዘር የራሱን ተጨማሪ ነገር ይከትበታል። የክሮምን ፋይል በደንብ የሚያነብ ኮንቨርተር (ሃርን ወደ ሎድ ቴስት ስክሪፕት የሚቀይር መሣሪያ) የፋየርፎክሱ ላይ ሲደናቀፍ ካያችሁ አትገረሙ።

ስክሪፕቱን በእጄ ብጽፈውስ?

የምትፈትሹት ሦስት አራት ኤፒአይ ከሆነና ዶክመንቴሽኑም ካለ በእጅ ጻፉት፤ ይሻላል። ቅጂ የሚጠቅመው ገጹ ምን ምን እንደሚልክ በትክክል በማታውቁበት ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ራሳችን የሠራነውንም ገጽ በትክክል አናውቀውም። “አንድ ፎርም ነው እኮ” ያላችሁት ገጽ ብራውዘሩ የሚልከውን በሚያሳየው ኔትወርክ ታብ ላይ ሲታይ በየጥቂት ሰከንዱ “አዲስ ነገር አለ?” እያለ ሰርቨሩን የሚነዘንዝ ጃቫስክሪፕት ይዞ ይገኛል። በእጁ የሚጽፍ ሰው ይህን አይጽፈውም፤ ሰርቨሩን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

እንዴት ነው የምቀዳው?

የግል መስኮት ክፈቱ፤ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን ማለት ነው። በተለመደው መስኮት ከቀዳችሁ የጫናችኋቸው ኤክስቴንሽኖች የሚልኩት ሁሉ አብሮ ይገባል። ኤፍ12ን ተጭናችሁ ኔትወርክ ታብ ላይ ሂዱና ሁለት ሳጥኖች ላይ ምልክት አድርጉ። አንደኛው “ፕሪዘርቭ ሎግ” ነው፤ እሱ ከሌለ ከገጽ ወደ ገጽ ስታልፉ የቀደመው ይጠፋል። ሁለተኛው “ዲሴብል ካሽ” ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው የሚያወርደውን ሁሉ ለማግኘት። ከዚያ ሥራውን እንደ ሰው ሥሩት፦ ገጹን ክፈቱ፣ አንብቡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ “ፈልግ”ን ተጫኑ፣ ውጤቱን እዩ። ሲያልቅ ክሮም ላይ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት፣ ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ዝርዝሩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ “ሴቭ ኦል አዝ ሃር” የሚለውን ትመርጣላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ሁለት ጊዜ ቅዱ። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በሌላ የምዝገባ ቁጥር፣ አዲስ የግል መስኮት ከፍታችሁ። ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ቋሚ ነው፤ እንዳለ ይቆያል። የተለያየው ወይ እናንተ የጻፋችሁት ነው፣ ወይ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው ነው፣ ወይ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ስለ ቶከን (ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚሰጠው መለያ ጽሑፍ) እና ስለ ዳታ የምንለው ሁሉ መነሻው ይህ የልዩነት ዝርዝር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የቀዳ ሰው የትኛው ቁጥር ቋሚ የትኛው ተለዋዋጭ እንደሆነ በግምት ነው የሚሠራው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል።

ክሮም ላይ ቀዳሁ፣ ኩኪና የመግቢያ ቶከን ግን ፋይሉ ውስጥ የሉም። ለምን?

ከ2024ቱ ክሮም 130 ጀምሮ ብራውዘሩ ሃር ሲያወጣ ኩኪንና ኦቶራይዜሽን የሚባለውን ሄደር ራሱ ያስቀራቸዋል። ከፈለጋችኋቸው ዴቨሎፐር ቱልስ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ በሚለው ሥር፣ ሚስጥራዊ መረጃ ያለበትን ሃር የሚፈቅደውን ምርጫ አብሩ። ከዚያ የማውጫውን ቀስት ተጭናችሁ ስትቆዩ ሁለት አማራጭ ይመጣል።

ለሎድ ቴስት ብዙ ጊዜ አያስፈልጋችሁም። የእናንተን ኩኪ መልሶ መላክ የለበትም እኮ፤ እያንዳንዱ ሐሰተኛ ተጠቃሚ የራሱን ኩኪ ከሰርቨሩ መቀበል አለበት። የሚያስፈልጋችሁ የትኛው ሪኩዌስት ኩኪ እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚጠይቅ ለማጥናት ብቻ ነው።

ፋይሉን ለባልደረባዬ በቴሌግራም ብልከውስ?

ሳታጸዱ አትላኩ። ሙሉው ሃር ፋይል ውስጥ የጻፋችሁት ፓስወርድ በግልጽ ይገኛል፤ ሴሽናችሁም (ገብታችሁ የቆያችሁበት ግንኙነት) እስካልተዘጋ ድረስ ፋይሉን ያገኘ ሰው እናንተን ሆኖ መግባት ይችላል። ይህ ስጋት የሰው ቅዠት አይደለም። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ኦክታ በሚባለው የመግቢያ አገልግሎት ላይ የደረሰው ጥቃት መንገዱ ይኸው ነበር፦ ደንበኞች ለድጋፍ ሰጪው ክፍል የላኳቸው ሃር ፋይሎች ተሰርቀው፣ በውስጣቸው በነበረ የሴሽን ቶከን የደንበኞች አካውንት ተከፈተ። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ከተነኩት አንዱ ስለነበር በዚያው ወር ሃር የሚያጸዳ ነጻ መሣሪያ አወጣ። ክሮም ኋላ ላይ ያመጣው ለውጥም ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

የሌላ ሰው ስም፣ ስልክ ወይም ውጤት ምላሹ ውስጥ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም። አገራችን አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። በሙከራ መረጃ ቅዱ፤ የሚያስፈልገው ከተወሰደ በኋላም ፋይሉን አጥፉት።

የትኛው መሣሪያ ይቀይርልኛል?

ስክሪፕቱን በምን ልትጽፉ እንደምትፈልጉ ይወስነዋል። ጃቫስክሪፕት የሚቀናችሁ ከሆነ ኬ6 አለ፤ ሃርን ወደ ኬ6 ስክሪፕት የሚለውጥ “ሃር ቱ ኬ6” የሚባል ኮንቨርተር አለው። ኬ6 ስቱዲዮ የሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ደግሞ ብራውዘር ከፍቶ ራሱ ይቀዳና ቶከን የሚያያይዝ ደንብ እንድትጽፉ ይረዳችኋል። ጋትሊንግ ከሪከርደሩ ጋር ሃር የሚያነብ ክፍል አብሮት ይመጣል። ፓይተን ለሚወዱ ሎከስት አለ፤ ለእሱም “ሃር 2 ሎከስት” የተባለ ተጨማሪ ተሠርቶለታል።

ጄሚተር ሃርን በቀጥታ አያነብም፤ ብሌዝሜተር የሚያቀርበውን መቀየሪያ ተጠቅማችሁ ጄሚተር ወደሚያውቀው ኤክስኤምኤል ማምጣት ትችላላችሁ። ወይም ሃሩን ትታችሁ የጄሚተርን የራሱን መቅጃ ተጠቀሙ። እሱ ፕሮክሲ ሆኖ በፖርት 8888 ይቆምና ብራውዘሩ የሚልከውን መሃል ላይ ሆኖ ይጽፋል። ለዚህ የሚያወጣውን ሰርተፊኬት ብራውዘሩ ላይ መጫን አለባችሁ፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ካልቀየራችሁት በ7 ቀን ያልፍበታል። “ባለፈው ሳምንት ይሠራ ነበር” የሚባለው ችግር ግማሹ ይኼ ነው።

የእኔ ምርጫ ኬ6 ነው፤ ስክሪፕቱ አጭር ጽሑፍ ስለሆነ ጊት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደተቀየረ ይታያል። ቡድኑ ጄሚተር ከለመደ ግን አታንቀሳቅሱት። መቀየሩ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ድካሙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ኮንቨርተሩ 140 ሪኩዌስት አወጣልኝ። ሁሉም ያስፈልጋሉ?

አያስፈልጉም። መጀመሪያ በዶሜይን ለዩአቸው። የእናንተ ያልሆነው ሁሉ ይውጣ፦ የጎግል አናሊቲክስ፣ የጎግል ፎንት፣ የፌስቡክ ፒክስል፣ የካርታው፣ የቻቱ። የሰው ሰርቨር ላይ ጫና መልቀቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ውጤታችሁንም ያበላሻል፤ እነሱ ያግዷችሁና የእናንተ ገጽ የወደቀ ይመስላል።

ቀጥሎ ሄደሮቹን እዩ። ክሮም ኤችቲቲፒ/2 ላይ ሲቀዳ በሁለት ነጥብ የሚጀምሩ አራት ስሞች ይጨምራል፤ እነሱ እውነተኛ ሄደር ስላልሆኑ ካልተሰረዙ አንዳንድ መሣሪያ ስህተት ይሰጣል። የይዘት ርዝመት የሚናገረውን ሄደርም ሰርዙ፤ የምዝገባ ቁጥሩ ሲለወጥ ርዝመቱ ይለወጣልና። “ከተቀየረ ብቻ ላክልኝ” የሚሉት ሄደሮች ከቀሩ ደግሞ ሰርቨሩ በ304 “አልተቀየረም” እያለ ይሸኛችኋል፤ ሥራ የሠራ ይመስላችኋል እንጂ አልሠራም።

ምስል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ላይ መልሱ “እንደ ሁኔታው” ነው። ከሲዲኤን (ፋይሎችን በእናንተ ፈንታ ከሌሎች ሰርቨሮች ከሚያደርስ አገልግሎት) የሚመጡ ከሆነ አውጧቸው። ከዚያው ከእናንተ ሰርቨር የሚወጡ ከሆነ ግን ተዉአቸው፤ ውጤት በወጣ ቀን መስመሩን የሚያጣብበው የገጹ አናት ላይ ያለው ትልቁ ባነር ሊሆን ይችላልና።

ሁሉም ምላሽ 200 (“ተሳክቷል”) ነው፣ ፍጥነቱም ግሩም ነው። ጨረስኩ ማለት ነው?

የምላሹን ይዘት አይታችሁታል? ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ጥያቄ ያዙ።

ቅጂው የአንድ ሰው የአንድ ቀን ንግግር ነው። ሰርቨሩ ያን ቀን ለዚያ ሰው የሰጠውን ቶከን ይዟል፤ ዛሬ መልሳችሁ ስትልኩት ሰርቨሩ አያውቀውም። አንዳንዱ ሲስተም በግልጽ ይናገራል፦ በላራቬል የተሠራ ገጽ 419 ይላል፣ በጃንጎ የተሠራ 403 ይላል፣ ጊዜው ያለፈበት የመግቢያ ቶከን 401 ያመጣል። አደገኛው ዝም የሚለው ነው። “ሴሽንህ አልቋል” ብሎ ወደ መግቢያው ገጽ ያዞራችኋል፤ መሣሪያው ዞሮ ይሄዳል፤ የመግቢያው ገጽ በሰላም ይከፈትና 200 ይመዘገባል። አምስት ሺህ ጊዜ የመግቢያ ገጽ ከፍታችሁ “ሲስተሙ ቻለ” ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ ኮሪሌሽን የሚሉት ነው፦ ከአንዱ ምላሽ አውጥቶ ለቀጣዩ ሪኩዌስት ማቀበል። የውጤት ገጻችን ቅጂ ላይ የነበረው እንዲህ ነው እንበል፦

ፖስት ወደ /ውጤት/ፈልግ
ኩኪ፦ ሴሽን = 8ረ41ቀ9
ፎርም፦ ቶከን = ደ702መ5፣ የምዝገባ ቁጥር = 104233

ከተስተካከለ በኋላ፦

ጌት ወደ /ውጤት
ከምላሹ ኤችቲኤምኤል ውስጥ የተደበቀውን የቶከን ሳጥን ፈልጎ ዋጋውን መያዝ
ፖስት ወደ /ውጤት/ፈልግ
ኩኪ፦ አይጻፍም፤ መሣሪያው የተቀበለውን ራሱ ይመልሳል
ፎርም፦ ቶከን = የተያዘው፣ የምዝገባ ቁጥር = የሙከራ ቁጥሮች ከተዘረዘሩበት የሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ሠንጠረዥ) ፋይል ቀጣዩ ረድፍ
ማረጋገጫ፦ ምላሹ ውስጥ ያው የምዝገባ ቁጥር ተጽፏል?

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትበልጣለች። የኮድ ቁጥሩን ሳይሆን የጠየቃችሁት ሰው ውጤት መምጣቱን ነው የምታረጋግጡት። ኬ6 ላይ “ቼክ”፣ ጄሚተር ላይ “አሰርሽን” ይባላል። ጄሚተር ላይ ኩኪውን የሚይዘው ኤችቲቲፒ ኩኪ ማናጀር ነው፤ ካልጨመራችሁት ማንም አይይዝላችሁም። ዶትኔት ላይ የተሠራ የቆየ ሲስተም ከሆነ ደግሞ ቪውስቴት የሚባል እጅግ ረጅም ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ እሱም ቶከን ነው፣ እንደ ቶከኑ አውጥታችሁ አቀብሉት።

ስክሪፕቱን ከመልቀቃችሁ በፊት በአንድ ተጠቃሚ አንድ ዙር አስኬዱትና እያንዳንዱን ምላሽ ከቅጂው ምላሽ ጋር አስተያዩ። መጠኑ ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል፦ ቅጂው ላይ 38 ኪሎባይት የነበረው ገጽ አሁን 4 ኪሎባይት ሆኖ ከመጣ የመጣው ሌላ ገጽ ነው።

ሁሉም ሐሰተኛ ተጠቃሚ አንድ የምዝገባ ቁጥር ቢልክ ምን አለበት?

እኔ አድርጌው አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ተመሳሳይ የፍለጋ ገጽ ስፈትሽ ቅጂው ውስጥ ያለውን ቁጥር እንዳለ ተውኩት። ሪፖርቱ የሚያምር ሆነ፤ ምላሹ በዓይን ጥቅሻ ይመጣል። ገጹ ለሕዝብ በተከፈተ ዕለት ግን ከሰዓት ሳይደርስ ተንገዳገደ። ለካ ዳታቤዙ ያን አንድ ረድፍ ሜሞሪ ውስጥ ይዞ እሱኑ ደጋግሞ ሲመልስልኝ ነበር። እውነተኞቹ ሰዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲመጡ ኢንዴክስ ያልተሠራለት ሠንጠረዥ ከአናቱ እስከ ግርጌው ይነበብ ጀመር። ደንበኛው ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ግን ከስድብ ይከብድ ነበር።

ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር የሙከራ ቁጥር በሲኤስቪ አዘጋጁ። ሁሉም ትክክል አይሁኑ፤ ሰው ይሳሳታል፣ አንድ አሃዝ ይዘላል፣ የእህቱን ቁጥር ከራሱ ጋር ያምታታል። የተሳሳተ ቁጥር ሰርቨሩን የሚያስኬደው በሌላ መንገድ ስለሆነ እሱም መፈተሽ አለበት።

ፎርሙ በአማርኛ ነው የሚሞላው። የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ፤ በፈረንጅ መመሪያ ላይ የማታገኙትም እሱን ነው። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲሄድ እያንዳንዱ ባይት ከፐርሰንት ምልክት ጋር ሦስት ምልክት ስለሚሆን አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። “አበበ” ብቻውን 27 ምልክት ነው። ቅጂው ውስጥ የምታገኙት ይህን የተቀየረውን ነው። አንዳንድ ኮንቨርተር ደግሞ የተቀየረውን እንደገና ይቀይረዋል፤ ፐርሰንት ምልክቷ ራሷ ወደ “%25” ትለወጥና ሰርቨሩ ትርጉም የሌለው ነገር ይፈልጋል። ውጤቱ ባዶ ዝርዝር ነው፤ ባዶ ዝርዝር ደግሞ ፈጥኖ ይመጣል፣ ኮዱም 200 ነው።

ሲኤስቪውን ከኤክሴል ስታወጡም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ። አለበለዚያ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይሄዳሉ። በስም የሚፈለግ ገጽ ከሆነ “ኃይሉ”፣ “ሃይሉ” እና “ሐይሉ”ን ሦስቱንም ጨምሩ፤ ሰዉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው።

በሪኩዌስቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ልተወው ወይስ ላውጣው?

ጨርሶ አታውጡት፤ እንዳለም አትተዉት። ሃሩ እያንዳንዱ ሪኩዌስት መቼ እንደተጀመረ ስለያዘ አንዳንድ ኮንቨርተር ያንኑ ልዩነት “ጠብቅ” ብሎ ይጽፈዋል። ችግሩ እናንተ ስትቀዱ ስልክ አንሥታችሁ ከሆነ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ላይ ስልክ ያነሣል። ገጽ ከፍቶ ቁጥር እስኪጽፍ ለምሳሌ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ ድረስ በዘፈቀደ አድርጉት። በአንድ ገጽ ውስጥ አብረው በሚወርዱት ነገሮች መካከል ግን ማቆያ አታስገቡ፤ ብራውዘር እንደዚያ አያደርግም፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው።

ስንት ተጠቃሚ ልልቀቅ?

“አሥር ሺህ” ብሎ መነሣት ቁጥር ማሳመር ነው። ያለፈውን ዓመት የሰርቨር ሎግ ካላችሁ በጣም የተጨናነቀችውን ደቂቃ ፈልጉና ከእሷ ተነሡ። ከሌላችሁ በስሌት፦ 900 ሰው በአንድ ጊዜ ገጹ ላይ ካለ፣ አንድ ሰው ከመግባት እስከ መውጣት 45 ሰከንድ ከወሰደበት፣ በየሰከንዱ 20 ሰው ይጀምራል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው 6 ሪኩዌስት ከላከ 120 ሪኩዌስት በሰከንድ። ይህ የሊትል ሕግ የሚባለው ነው፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይም ይሠራል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የተጠቃሚውን ቁጥር 900 ላይ ብታስሩት፣ ሰርቨሩ ሲዘገይና ዙሩ 90 ሰከንድ ሲሆን በየሰከንዱ የሚጀምረው ወደ 10 ይወርዳል። ሰርቨሩ ሲደክም እናንተም አዝናችሁ ጫናውን ቀነሳችሁለት። የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ደግሞ እንዲህ አያዝንም፤ ገጹ ሲዘገይ ሪፍሬሹን ይደበድበዋል፣ ወንድሙንም በሌላ ስልክ ያስገባል። ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን በየሰከንዱ በሚመጣው ሰው ልክ ልቀቁ። ኬ6 ላይ አራይቫል ሬት የሚሉት ኤክሲኪዩተሮች አሉ፤ ጄሚተርም ከ5.5 ጀምሮ ኦፕን ሞዴል የሚባል ስሬድ ግሩፕ አለው።

ውጤቱን ስታነቡ አማካዩን አትመኑ፤ 95ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶ ምላሾች 95ቱ የደረሱበትን ጊዜ) እዩ። አማካይ ጥቂቶቹ የተሰቃዩትን ይሸፍናል።

ቅጂው ውስጥ የኤስኤምኤስ ኮድና ክፍያ አለ። እነሱስ?

ከስክሪፕቱ አውጧቸው። አንድ ጊዜ ኮድ የሚያስልከውን ሪኩዌስት ረስቼ ትቼው ስልኬ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ፤ እያንዳንዱ መልእክት ደግሞ ሒሳብ አለው። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ የማይለወጥ የሙከራ ኮድ እንዲቀበል ገንቢዎቹን ጠይቁ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በቻፓ ከሆነ ሪኩዌስቱ የእነሱ በር ላይ መድረስ የለበትም፤ በቦታው እንደነሱ የሚመልስ፣ እንደነሱም ትንሽ የሚዘገይ ትንሽ ምትክ ሰርቨር አቁሙ። ሳይዘገይ የሚመልስ ምትክ ያታልላችኋል፤ የእናንተ ሰርቨር ላይ ግንኙነቶችን ይዞ የሚያቆየው መዘግየቱ ነውና።

የሃሩ ሰዓት ከሰርቨሩ ሎግ ጋር አይገጥምም።

ብዙ ጊዜ የሃሩ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ፋይሉ ላይ 06፡00 ያለው እዚህ 09፡00 ነው፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ደንበኛው “3 ሰዓት ላይ ወደቀ” ካላችሁ ሎጉን ከመክፈታችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት። ሳይጠይቅ ሌሊት ሎግ ላይ ያፈጠጠ ሰው አውቃለሁ።

የሞባይል አፕ መቅዳት ይቻላል?

ይቻላል። ሚትምፕሮክሲ ወይም ቻርለስ በመሳሰለ ፕሮክሲ አሳልፋችሁ በሃር ማውጣት ነው። አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ ተጠቃሚው የጫነውን ሰርተፊኬት አፖች በራሳቸው አያምኑም፤ ስለዚህ ገንቢው ይህን የሚፈቅድ የሙከራ ቅጂ እንዲያወጣላችሁ ያስፈልጋል።

ዌብሶኬትና ፋይል መጫኛ ፎርምስ?

ሁለቱንም በእጅ ትጽፋላችሁ። ክሮም የዌብሶኬት መልእክቶችን ሃሩ ውስጥ ያስቀምጣል፣ አብዛኛው ኮንቨርተር ግን አያያቸውም። የተጫነ ፋይል ይዘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጂው ውስጥ አይገኝም፤ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከራሴ ላፕቶፕ ብለቀውስ?

ለመሞከሪያው አንድ ተጠቃሚ አዎ። ከዚያ በላይ ከቢሮ ዋይፋይ ከለቀቃችሁ የምትለኩት የቢሮውን መስመር ነው፣ ከጎናችሁ ያለውም ሰው ስብሰባው ይቆረጥበታል። ኪራይ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት፤ ሲሄድ የእሱን ሲፒዩም ተመልከቱ። ሲፒዩው ከሞላ የዘገየው ሰርቨራችሁ ሳይሆን የሚለቀው ማሽን ነው። ጄሚተርን በመስኮቱ ከፍታችሁ አትልቀቁ፤ መስኮቱ ስክሪፕት ለመጻፊያ ነው፣ ጫናው በትዕዛዝ መስመር ይሂድ።

የሌላ ድርጅት ገጽ ላይ መሞከር እችላለሁ?

በጽሑፍ ካልተፈቀደላችሁ አትችሉም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒዩተር ሥርዓትን ሥራ ማወክን በወንጀል ይጠይቃል፤ ከሰርቨሩ ወገን ሲታይ ሎድ ቴስትና ጥቃት አንድ ናቸው። የራሳችሁም ገጽ ቢሆን ሆስቲንጉን ከሌሎች ጋር የምትጋሩ ከሆነ አስቀድማችሁ አቅራቢውን ንገሩት።

ገጹ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ልቅዳ?

ፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን ከተጨመረ ስክሪፕቱን በእጅ አስተካክሉ። መግቢያው ወይም የገጹ አሠራር ከተለወጠ ግን እንደገና ቅዱ፤ አሮጌውን መጠገን ከአዲሱ ይልቅ ያደክማል። አዲሱን ቅጂ ስትቀይሩ የድሮውን ስክሪፕት አጠገቡ ክፈቱት፦ ማቆያዎቹ፣ ማረጋገጫዎቹና የሲኤስቪው መስመር ያሉት እዚያ ነው፣ ኮንቨርተሩ አይጽፋቸውም። ከዚያ በአንድ ተጠቃሚ አንድ ዙር፣ ምላሹንም በዓይን።